ኔትወርኩ ከመፈተሹ በፊት የፈታሹ ላፕቶፕ ይፈተሽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሳይበር ጥቃት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ሰርጎ ገቡ ነው። እኛ የምንጽፈው በደብዳቤ ተጠርቶ፣ በዋናው በር ገብቶ፣ ሻይ ቀርቦለት ስለሚፈትሸው ሰው ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ኔትወርኩን ማስፈተሽ የሚፈልግ የቁጠባ ተቋም፣ ኮሌጅ፣ ክሊኒክና ፋብሪካ አለ፤ ደግ ነው። የጨረታ ሰነዱ ግን ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ዋጋ ይጠይቅና ፈታሹ ምን መሣሪያ ይዞ፣ እንዴት አዘጋጅቶ እንደሚመጣ አንድ መስመር አይጠይቅም። በፍተሻ ሌሊት የሚቆለፈው አካውንት፣ የሚቆመው ማሽን፣ በኋላም የሚቀርበው የተሳሳተ ሪፖርት በአብዛኛው የሚወለደው እዚያው ዝግጅቱ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ለሁለት ወገን ነው፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና ከመሰሎቹ ተመርቀው በፔንቴስት (በባለቤቱ ፈቃድ እንደ ሰርጎ ገብ ሞክሮ ቀዳዳ የመፈለግ) ሥራ ለሚሰማሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም እነሱን ለሚቀጥሩ ኃላፊዎች።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ፣ ባጭሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ነው። በመሆኑም «ኔትወርካችንን እንዲፈትሹ ፈቅደናል» የሚል፣ ማህተም ያረፈበት አንድ ዓረፍተ ነገር ፈታሹንም ፈቃጁንም አያድንም። ደብዳቤው የአይፒ አድራሻዎቹን፣ ማለትም የየመሣሪያውን የኔትወርክ መለያ ቁጥር፣ አንድ በአንድ ይቁጠር፤ የማይነኩትን ለይቶ ይጻፍ፤ ሰርቨር ማጨናነቅ ክልክል መሆኑንና ነገር ቢበላሽ ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ያስቀምጥ። ሁለት ቦታ ላይ ሰው በተለይ ይሳሳታል። አንዱ ቅርንጫፍ ነው። የሐይቅ ወይም የባቲ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የራሱን ቢሮ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘውን ሳጥን) እና ኮምፒውተሮች ያስፈትሽ ይሆናል፤ መስመሩ ወስዶ የሚያገናኘው የዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ግን በእሱ ፊርማ አይነካም። ሌላው ድረ ገጽ ነው። ድርጅቱ የደሴ ቢሆንም ድረ ገጹ ብዙ ደንበኞች በሚጋሩት የኪራይ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ አከራዩም መፍቀድ አለበት። ቋሚ አይፒ ያልገዛ ድርጅትም ከውጭ የሚታይበት አድራሻ ዛሬ የእሱ፣ ነገ የሌላ ደንበኛ ሊሆን ስለሚችል ከአገልግሎት ሰጪው ሳያረጋግጡ ከውጭ መቃኘት አይገባም።

ሰዓት ላይ ደግሞ በአብዛኛው አገር የሌለ ወጥመድ አለ። ፈቃዱ «ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት» ይላል እንበል። በኮምፒውተር አቆጣጠር ይህ ከ22፡00 እስከ 04፡00 ነው። ብዙ ሰርቨር መዝገቡን የሚይዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት በመሆኑ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ተመልሶ ከ19፡00 እስከ 01፡00 ሆኖ ይጻፋል። ፈታሾች የሚጠቀሙበት፣ የፍተሻ መሣሪያዎች የተጫኑበት ካሊ ሊኑክስ ደግሞ ተዘጋጅቶ በሚወርደው ቨርቹዋል ማሽን (በላፕቶፕ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የኒው ዮርክን ሰዓት ይዞ ነው የሚነሳው። ያንን ሳያስተካክል በክረምት ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሥራ የጀመረ ፈታሽ በራሱ መዝገብ ውስጥ 15፡00 ብሎ ይጽፋል፤ ይህም ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ማለት ነው። በማግስቱ አንድ ነገር ጠፍቶ ክርክር ቢነሳ ከፈቃድ ውጭ መግባቱን የሚመሰክርበት የገዛ ፋይሉ ይሆናል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የኮምፒውተሩ ቀን የሚዞረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ የአንድ ሌሊት ሥራ በሁለት ቀን ተከፍሎ ይቀመጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ደብዳቤው ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑንም በኢትዮጵያና በፈረንጅ ይጻፍ፤ ካሊው ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይቀየር፤ ሥራ ሲጀመር የፈታሹ ማሽንና የሰርቨሩ ሰዓት ጎን ለጎን ፎቶ ይነሳ።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ካሊንና አንዲት መለማመጃ ማሽን ይሸከማል፤ 16 ጊጋ ራምና 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ካለ ለዓመታት ይበቃል። ለካሊ 4 ጊጋ ራምና ሁለት ኮር መስጠት ደህና ነው። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳው ፕሮግራም ቨርቹዋልቦክስ ማሽኑን አላስነሳም ካለ መጀመሪያ የሚታየው ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ የሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር) ነው፤ ቨርቹዋላይዜሽን ጠፍቶ የሚመጣ ላፕቶፕ ብዙ ነው። ተነስቶ ግን እየተንፏቀቀ ከሆነ ከመስኮቱ ግርጌ አረንጓዴ ኤሊ ተስላ እንደሆነ ይመልከቱ። ቀልድ አይደለም፤ ዊንዶውስ የራሱን የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት፣ ሃይፐር-ቪን፣ ከሥር እያሠራ ስለሆነ ቨርቹዋልቦክስ በእሱ ላይ ተደርቦ በዝግታ እየሄደ ነው ማለት ነው። ሃይፐር-ቪንና ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለውን መከላከያ ማጥፋት ኤሊዋን ያስወግዳል። ነገር ግን መከላከያ ያጠፉበትን ላፕቶፕ ለኢሜይልና ለባንክ መጠቀም ስለማያዋጣ ለፍተሻ ብቻ የተለየ ማሽን መያዝ ይሻላል።

ካሊ የሚወርደው ከራሱ ድረ ገጽ ነው። ኢንተርኔት ውድ በመሆኑ በፍላሽ መቀባበሉን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ሳያረጋግጡ መጫኑን ነው። ድረ ገጹ ከእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ ሻ-256 የሚባለውን 64 ፊደልና አኃዝ ያለው አሻራ ያስቀምጣል። ፋይሉ ከማንም ይምጣ፣ አሻራውን ላፕቶፑ ላይ አስልቶ ከዚያኛው ጋር ማመሳከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ይጣል። የቆየ ኮፒ የጫኑ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር ያጋጥማቸዋል፦ ማዘመኛው «ፊርማው አልተረጋገጠም» እያለ ይቆማል። ምክንያቱ የካሊ አዘጋጆች የፕሮግራም ማከማቻቸውን የፊርማ ቁልፍ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መቀየራቸው ነው፤ አዲሱን የቁልፍ ፋይል ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርዶ መተካት ይበቃል። ማረጋገጫውን ዘግተው የሚያልፉ አሉ፤ ያ ግን አሻራ ያመሳከሩበትን ልፋት መና ያስቀራል። በነባሪ የሚመጣው የተጠቃሚ ስምም የይለፍ ቃልም «ካሊ» ስለሆነ መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ ነው። ካሊ ያለማቋረጥ የሚታደስ ስርጭት በመሆኑ ከእያንዳንዱ እድሳት በፊት ስናፕሾት (ማሽኑ ወደነበረበት የሚመለስበት ቅጂ) ይወሰዳል፤ በፍተሻው ዋዜማ ማደስ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እድሳቱ ከሳምንት በፊት ያልቅና በዚያ ሳምንት መሣሪያው ሁሉ ይሞከራል። ክራክ ተደርጎ በፍላሽ የሚሸጠውን በርፕ ስዊት ፕሮፌሽናል የተባለ የድረ ገጽ መፈተሻ በተመለከተ ቃል ማብዛት አያስፈልግም፤ ማን ምን እንደጨመረበት በማይታወቅ ፕሮግራም የደንበኛን ኔትወርክ መክፈት ነው። ነፃው እትም ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል። ማንኛውም መሣሪያ የሰው ኔትወርክ ከመንካቱ በፊት በራስ ጠረጴዛ ላይ መሞከር አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ሜታስፕሎይተብል 2 ነው፤ ሆን ተብሎ በቀዳዳ የተሞላ አሮጌ ኡቡንቱ ሲሆን 512 ሜጋ ራም ይበቃዋል። ከካሊ ጋር አብሮ ተነስቶ የማይተያይ ከሆነ ሁለቱም ላይ የአይፒ አድራሻ ይመልከቱ። ሁለቱም 10.0.2.15 ካሉ ስህተቱ ተገኝቷል፦ ቨርቹዋልቦክስ በናት (ማሽኑ በላፕቶፑ በኩል ብቻ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቅንብር) ሲሠራ ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ዝግ ክፍል ሰጥቶ ለሁሉም ያንኑ አድራሻ ያድላል። የሁለቱም የኔትወርክ ካርድ ሆስት ኦንሊ ወደሚባለው፣ ማሽኖቹ እርስ በርስና ከላፕቶፑ ጋር ብቻ ወደሚገናኙበት ቅንብር ይቀየር፤ በነባሪ ከ192.168.56.101 ጀምሮ አድራሻ ያገኛሉ። ካሊ ለማዘመኛ ሁለተኛ ካርድ በናት ሊኖረው ይችላል፤ ሜታስፕሎይተብል ግን ማሽኑን በቀጥታ የአካባቢው ኔትወርክ ላይ ወደሚያወጣው ብሪጅድ መቼም ቢሆን አይዞር። የቢሮ ወይም የካፌ ኔትወርክ ላይ ከተለቀቀ ማንም የሚገባበት ክፍት ቤት ነው።

መሣሪያው በትክክል መዘጋጀቱ የሚታወቀው በቁጥር ነው። የኔትወርክ መቃኛው ኤንማፕ ያለ ምንም ተጨማሪ ትእዛዝ የሚያየው በብዛት የሚገኙትን 1,000 ፖርቶች (የማሽኑ አገልግሎቶች የሚገኙባቸው ቁጥር ያላቸው በሮች) ብቻ ሲሆን በሜታስፕሎይተብል 2 ላይ 23 ክፍት ፖርት ማግኘት አለበት። 65,535ቱም ፖርት ሲታይ ክፍቶቹ 30 ይሆናሉ። በመሃል የጠፉት ሰባቱ ናቸው ትምህርቱ፤ ከነሱ ውስጥ 3632 እና 8787 ያለ ይለፍ ቃል ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ናቸው። በነባሪው ቃኝቶ «ሌላ ክፍት የለም» ብሎ የፈረመ ሰው በዚህች ትንሽ ማሽን ላይ እንኳን ሰባት በር ጥሎ አልፏል። ከ23 ያነሰ ካገኙ ደግሞ አንድ ነገር ተበላሽቷል፦ ፋየርዎል መሃል ገብቷል፣ አለዚያም የፍጥነቱን መጠን 5 ላይ አድርገው መልስ ሳይመጣ አልፈዋል። ነባሪው ፍጥነት 3 ነው፤ ደካማ ስዊች ባለበት ቢሮ ከዚያ በላይ መውጣት ጊዜ አያተርፍም። ዩዲፒ የሚባለው ሌላው የመረጃ መላኪያ ዘዴ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሊኑክስ «ይህ ፖርት ዝግ ነው» የሚለውን መልስ በሰከንድ አንድ ገደማ ብቻ ስለሚልክ የአንድን ማሽን ዩዲፒ ፖርቶች በሙሉ መቃኘት ከ18 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በአንድ ሌሊት ሃምሳ ማሽን ሙሉ ዩዲፒ ቃኝቻለሁ የሚል ሪፖርት ካያችሁ ጠይቁት።

ቢሮ ከተደረሰ በኋላ ካሊው በኬብል፣ በብሪጅድ ይገናኛል። በናት ሆኖ የቢሮ ኔትወርክ መቃኘት ሁለት ነገር ያጠፋል። ቨርቹዋልቦክስ የመረጃ ጥቅሎቹን መሃል ገብቶ በራሱ መንገድ ስለሚያስተላልፍ የሌለ ማሽን አለ፣ የተዘጋው ክፍት ነው ሊባል ይችላል። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ማሽኖች የሚተዋወቁበት የማክ አድራሻም አይደርሰውም። ኃላፊዎች ይህን ሙያ ሳያውቁ ሊመዝኑበት ይችላሉ፦ እዚያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ተሠራ በተባለ ፍተሻ ከአይፒው ጎን የማክ አድራሻ ከሌለ ፈታሹ የቃኘው በናት ሆኖ፣ በሌላ ራውተር ጀርባ ወይም ኤንማፕን ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን አሠርቶ ሊሆን ይችላል። ብሪጅድም የራሱ ጣጣ አለው። ላፕቶፑና በውስጡ ያለው ካሊ በአንድ ገመድ ሁለት ማክ አድራሻ ያሳያሉ፤ ስዊቹ በአንድ ፖርት አንድ ማክ ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ ፖርቱን ራሱ ይዘጋዋል። ገመዱ የሞተ ይመስላል፣ ሰውም ገመድ ይቀይራል፣ የተቀየረውም ይሞታል። አስቀድሞ ለኔትወርክ ባለሙያው መንገር ነው።

በወሎ ውስጥ ኔትወርክ ሲፈተሽ አንድ ዓይነት መሣሪያ አገኛለሁ ብሎ መገመት አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ኮምፒውተርና ስዊች የተዘረፈባቸው ተቋማት በግዢም በእርዳታም ያገኙትን አገጣጥመው ነው የቆሙት፤ አዲስ ሰርቨር ጎን የ15 ዓመት ፕሪንተር አለ። ፕሪንተርን ካነሳን፣ 9100 በሚባለው ፖርት የደረሰውን ሁሉ እንዲታተም እንደተላከ የሚቆጥር ብዙ ነው። የሚላክለት የመጠየቂያ ጥቅል ስለሆነ ትርጉም የለሽ ምልክት ያለበት ገጽ እየደጋገመ ይተፋል። ኤንማፕ የአገልግሎት ዓይነት ሲለይ ከ9100 እስከ 9107 ያሉትን በነባሪ የሚዘለው በዚሁ ምክንያት ነው። «ምንም አይቅርብኝ» ብሎ ያን መከላከያ የሚያነሳውን ትእዛዝ የሚጨምር ጀማሪ ጠዋት ጸሐፊዋ ወለሉ ላይ የምትሰበስበውን ወረቀት ያስከትላል።

የይለፍ ቃል መሞከሪያዎች ከዚህ የባሰ ነገር ያመጣሉ። ከነሱ አንዱ የሆነው ሃይድራ ምንም ካልተባለ በአንድ ጊዜ 16 ሙከራ ይልካል። ድርጅቱ ዊንዶውስ ዶሜይን (የሠራተኞችን አካውንት ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ካለውና አካውንት ከአምስት ስህተት በኋላ እንዲቆለፍ ከተደረገ በሰከንዶች ውስጥ የገንዘብ ያዥ፣ የሥራ አስኪያጅ፣ የሁሉም ሰው አካውንት ይቆለፋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ የሚጀምር ሰው አይኖርም። ስለዚህ የመቆለፊያ ደንቡ አስቀድሞ ተጠይቆ ይጻፋል፦ ከስንት ስህተት በኋላ፣ ቆጠራው በስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ። በአምስት የሚቆልፍ ከሆነ በአንድ የቆጠራ ዙር ከሁለት ሙከራ በላይ አይደረግም፤ ባለቤቱ ራሱ ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላላ! መሣሪያው በራስ የመለማመጃ ጠረጴዛ ላይ በዚያው መጠን ተቀናብሮ መምጣት አለበት እንጂ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚስተካከል አይደለም።

ዋይፋይ ለመፈተሽ የላፕቶፑ ውስጣዊ ካርድ አያገለግልም፤ ካሊ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲሆን ያንን ካርድ የሚያየው እንደ ገመድ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ሞኒተር ሞድ (በዙሪያው ያለውን የዋይፋይ ግንኙነት ማዳመጥ) እና የመረጃ ጥቅል መላክ የሚችል ካርድ ያስፈልጋል። አቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ያለባቸው ከካሊ ጋር ያለ ችግር ይስማማሉ፤ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ግን አያዩም። እዚህ ላይ ገዢ ይጠንቀቅ፦ ቲፒ-ሊንክ 722ኤን የሚባለው ካርድ ያ ቺፕ ያለው ቁጥር 1 እትሙ ላይ ብቻ ነው። ቁጥር 2 እና 3 ሪልቴክ ቺፕ ሲሆኑ ድራይቨር ፍለጋ ሳምንት ያስፈጃሉ። መልኩ አንድ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ሻጩም ላያውቅ ይችላል፤ በካርዱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የእትም ቁጥሩን አንብቦ መግዛት ነው።

ኮምቦልቻን ለብቻው እናንሳ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚያንቀሳቅሱት ፒኤልሲዎች ከቢሮ ኮምፒውተር ጋር በአንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ ተራ የኤንማፕ ቅኝት ሊያቆማቸው ይችላል። አሮጌ ፒኤልሲ ጥቂት ግንኙነት ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ሲጨናነቅ ይደነዝዛል፣ ከሱ ጋር የታሰረው መስመር ይቆማል። ፒኤልሲዎች የሚነጋገሩባቸው ቋንቋዎች፣ ሞድባስ በ502፣ የሲመንስ ኤስ7 በ102 ፖርት ላይ ይገኛሉ፤ እነዚህ ያሉበት የአድራሻ ክልል ማሽኑ እየሠራ ሳለ አይቃኝም። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የስዊቹ አንድ ፖርት የሌሎቹን ግንኙነት ኮፒ እንዲያወጣ ይደረግና ዋየርሻርክ የሚባለው የኔትወርክ ማዳመጫ ምንም ሳይልክ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በግማሽ ቀን ውስጥ ማን ከማን ጋር በምን ፖርት እንደሚነጋገር፣ የማይገባው የቢሮ ኮምፒውተር ፒኤልሲውን እያነጋገረ እንደሆነም ይታያል። መቃኘት የግድ ከሆነ ፋብሪካው ለጥገና በቆመበት ቀን፣ የጥገና ኃላፊው አጠገብ ቆሞ ይሁን። የሆስፒታል መሣሪያዎች ላይም ያው ነው፤ በሽተኛ የተያያዘበት ማሽን ያለበት ኔትወርክ አይነካም።

የታወቁ ተጋላጭነቶችን በራሱ የሚፈልገውን ግሪንቦንን ለመጠቀም ያሰበ ካለ ከቀናት በፊት ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ ሆኖ ያዘጋጀው። መጀመሪያ ሲነሳ የተጋላጭነት ዝርዝሩን ለማውረድና ለመደርደር ሰዓታት ይፈጃል፤ ሳይጨርስ ፍተሻ ከታዘዘ «የፍተሻ ቅንብር አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል፣ ሰውም ተበላሽቷል ብሎ እንደገና ይጭነዋል። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በመጫኛው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ የሚታይ ስለሆነ እዚያው ይገልበጥ።

መብራትም አለ። ፍተሻ እየተካሄደ መብራት ቢሄድ የተቋረጠው ስዊች በፈታሹ ነው የሚሳበበው። ስዊቹና ላፕቶፑ በአንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ የሄደበትና የመጣበት ደቂቃ በማስታወሻ ይያዝ። ኤንማፕ ውጤቱን ከመጀመሪያው ወደ ፋይል እንዲጽፍ ከታዘዘ ከተቋረጠበት ይቀጥላል፤ ስክሪን ላይ ብቻ ይታይ ከነበረ ግን ከዜሮ ነው።

የተገኘው ሁሉ፣ ማለትም የይለፍ ቃል፣ የደንበኛ ስም፣ የስክሪን ፎቶ፣ በተመሰጠረ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረትም የሚያስጠይቅ ነገር ነው። በቴሌግራም አይላክም። ሥራው ሲያልቅ ፈታሹ የከፈታቸው አካውንቶችና ያስቀመጣቸው ፋይሎች ዝርዝር ለተቋሙ ይሰጣል፣ በተቋሙ ባለሙያ ፊት ይሰረዛሉ፤ ካሊው ከሥራው በፊት ወደተወሰደው ስናፕሾት ይመለስና በመሃል የተወሰዱት ስናፕሾቶች ይጠፋሉ። የመጨረሻዋ በተለይ ትረሳለች፤ ዋናው ማሽን ቢጸዳም የሌላ ድርጅት የይለፍ ቃል በድሮ ስናፕሾት ውስጥ እንዳለ ይቆይና ከላፕቶፑ ጋር ቀጣዩ ደንበኛ ቢሮ ይገባል።

ከደሴና ከኮምቦልቻ
የኔትወርክ ደህንነት ባለሙያዎች